አኻያን ስትለዩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠበቁ

አኻያን አኻያ ብሎ መለየት አያስቸግርም። የትኛው አኻያ ነው ሲባል ነው ጉዱ። ሳሊክስ የሚባለው ይህ ወገን ከ300 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከጣት የማይረዝም ቁጥቋጦም፣ ግዙፍ የወንዝ ዳር ዛፍም አለበት። በዚያ ላይ እርስ በርስ ይዳቀላሉ።

ያገኙትን ቅጠል በጥሶ መፍረድ። ከተቆረጠ ጉቶ ያቆጠቆጠ ቀንበጥ ቅጠሉ ያለ ልክ ይሰፋል፤ ያሳስታል። ከጎልማሳ ቅርንጫፍ መካከል ላይ፣ እድገቱን የጨረሰ ቅጠል ውሰዱ። ጀርባውንም ገልብጣችሁ ጸጉሩን እዩ።

አንዴ አይቶ መሄድ። ብዙ አኻያዎች ቅጠል ሳያወጡ ያብባሉ። ወንዱና ሴቱም በየራሳቸው ዛፍ ላይ ናቸው። ስለዚህ ዛፉ ላይ ምልክት እሰሩና ቅጠሉ ሲደርስ ተመለሱ። የዚህን ዛፍ አበባ ከጎረቤቱ ቅጠል ጋር አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ በተፈጥሮ የሌለ ድቅል ፈጠረ ማለት ነው።

ቅርፊቱን አለመላጥ። ይህን ምልክት በጣም እወደዋለሁ። የሁለት ዓመት ቅርንጫፍ ወስዳችሁ ቅርፊቱን ላጡትና እንጨቱን በጣት ዳስሱት። ሳሊክስ ካፕሪያ የሚባለው ዝርያ ከሆነ ልሙጥ ነው። ሳሊክስ ሲኔሪያ የሚባለው ከሆነ ረዣዥም ሸንተረሮች ጣታችሁን ይይዙታል። ሸንተረሩ አጭርና አልፎ አልፎ ከሆነ የሁለቱን ድቅል መጠርጠር ያስኬዳል።

ግራ ያጋባንን ሁሉ ድቅል ማለት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። አንድ ዝርያ በራሱም ብዙ መልክ አለው። የሩሲያው የአኻያ ሊቅ አሌክሲ ስክቮርትሶቭም ድቅሎች ከሚገባው በላይ ይቆጠራሉ ብሎ ተከራክሯል። ድቅል ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ወላጆቹ በአካባቢው አሉ? የሚያብቡትስ በአንድ ሰሞን ነው? የሁለቱም ምልክት በአንድ ዛፍ ላይ ይታያል? የክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ ያለው የዘር ተሸካሚ) ቁጥር መለያየቱ ብቻውን አይዳቀሉም አያሰኝም። ካፕሪያ 38፣ ሲኔሪያ 76 አላቸው፤ ሆኖም ይዳቀላሉ።

ድቅሉን እንደ በቅሎ መካን አድርጎ ማሰብ። ብዙ የአኻያ ድቅሎች ዘር ያፈራሉ፤ ከወላጆቻቸው ጋርም መልሰው ይዳቀላሉ። ከዚያ የሚወለደው ወደ አንዱ ወላጅ ያደላል እንጂ የግድ መሃል ላይ አይቆምም።

ስሙን ማመን። ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ሳሊክስ ፍራጂሊስ ያለው ዛፍ ለረጅም ጊዜ ንጹህ ዝርያ ተደርጎ ቆይቷል። በኋላ ስሙ የተሰጠው ናሙና ራሱ ድቅል መሆኑ ታወቀ። ንጹሁ ወላጅ በ2009 ሳሊክስ ዩክሲና የሚል አዲስ ስም ወጣለት፤ ሌላኛው ወላጅ ሳሊክስ አልባ ነው። ሳሊክስ ባቢሎኒካም የባቢሎን ዛፍ አይደለም፤ አገሩ ቻይና ነው። ሊኒየስ ስሙን የወሰደው በመዝሙረ ዳዊት ላይ መሰንቆ ከተሰቀለበት የአኻያ ዛፍ ነው። ያ ዛፍ ደግሞ የአኻያ ዘመድ የሆነው የኤፍራጥስ ፖፕላር ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

ዛፍ ቆጥሮ ድቅሉ በዝቷል ማለት። የአኻያ ስባሪ እርጥብ አፈር ካገኘ ሥር ይሰዳል። ወንዝ ዳር የተደረደሩት ዛፎች ሁሉ ሴት ብቻ ከሆኑ፣ ቅጠላቸውም ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ምናልባት ከአንዲት እናት ዛፍ ተሰብረው በውሃ የተወሰዱ ቅርንጫፎች ናቸው። መዳቀሉ የተፈጸመው አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያውም ከወንዙ ራስጌ።