እሳት ማጥፊያ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ባለ ዱቄቱ እሳት ማጥፊያ ውስጥ ዱቄቱና እሱን የሚገፋው ጋዝ አለ፤ ጋዙ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን ነው። እጀታው ሲጨመቅ ቫልቩ ይከፈታል፤ ጋዙ ከላይ ሲጫነው ዱቄቱ እስከ ሲሊንደሩ ታች በሚደርሰው ቱቦ ወጥቶ በጎማው ይረጫል። ብልሽት ሲኖር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጋዙ ነው።

የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት ከአረንጓዴው ወርዷል

ጋዝ አምልጧል። የቫልቩን አንገት፣ የጌጁን ሥርና የጎማውን መግቢያ የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ብዙ ጊዜ ያረጀ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ሆኖ ይገኛል። በመፍቻ ለማጥበቅ ግን አትሞክሩ፤ ውስጡ ያለው ግፊት ከ12 እስከ 15 ባር ስለሚደርስ የቤት መኪና ጎማ ግፊት አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ለባለሙያ ይሰጥ። ቀስቱ ከአረንጓዴው በላይ ከወጣ ደግሞ ሲሊንደሩ ፀሐይ ወይም ምድጃ አጠገብ እንዳልተቀመጠ እዩ።

ትንሽ ብቻ ተረጭቶ ነበር፤ አሁን ግፊቱ አልቋል

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። እጀታው ሲለቀቅ ቫልቩ ተመልሶ ይዘጋል፤ ነገር ግን የዱቄት ቅንጣቶች መዝጊያው ላይ ተሰንቅረው ይቀራሉ። በእነሱ መካከል ጋዙ ቀስ እያለ ያልቃል፣ ዱቄቱ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ አንድ ሰከንድ እንኳ የተረጨ ማጥፊያ እንደገና መሞላት አለበት። «ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው» ብሎ መርጨት ማበላሸት ነው።

እጀታው አልጨመቅ አለ

ፒኑ፣ ማለትም እጀታው በድንገት እንዳይጨመቅ የሚይዘው ሽቦ፣ አልወጣም። የደነገጠ ሰው እጀታውን እየጨመቀ ፒኑን ይስባል፤ በጨመቀ ቁጥር ፒኑ ይያዛል። ሲሊንደሩን መሬት ላይ አቁሙት፣ ከእጀታው ላይ እጃችሁን አንሱ፣ ፒኑን አዙራችሁ የፕላስቲክ ማሰሪያውን በጥሱና ሳቡት። ከዚያ በኋላ ጨምቁ።

ጌጁ አረንጓዴ ላይ ነው፣ ግን ጋዝ ብቻ «ሽሽሽ» ይላል

ዱቄቱ ጠጥሯል፤ ወይ እርጥበት ገብቶበታል፣ ወይ መኪና ውስጥ በንዝረት ብዛት ታጭቋል። እሳት ፊት ይህ ከደረሰ ሌላ ማጥፊያ አንሱ ወይም ውጡ። አስቀድሞ ለማወቅ ሲሊንደሩን ቀስ ብላችሁ ገልብጡትና ዱቄቱ ሲንሸራተት ይሰማችሁ እንደሆነ አድምጡ። በእርጥበት የደነደነውን መነቅነቅ አይመልሰውም፤ ተከፍቶ ዱቄቱ ይለወጣል።

ባለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማጥፊያ ጌጅ የለውም፤ መሙላቱ በምን ይታወቃል?

በሚዛን። ውስጡ ያለው በግፊት የተያዘ ፈሳሽ ነው፤ በ20 ዲግሪ ግፊቱ 57 ባር ገደማ ሲሆን ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግማሹ ቢያልቅም ያው ስለሚሆን ጌጅ ቢገጠምለት እንኳ አይጠቅምም። ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸውን የባዶ ክብደት ከመዘናችሁት ቀንሱ። ከይዘቱ 10 በመቶ ከጎደለ፣ ማለትም ባለ 5 ኪሎው ከ4.5 በታች ከወረደ፣ ይሞላ። በሚረጭበት ጊዜ ቀንድ መሰል አፉን በእጅ መያዝ አይገባም፤ የሚወጣው በረዶ እስከ −78 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ ረጭታችሁ ቶሎ ውጡ፤ ጋዙ የሚተነፈሰውን አየር ይነጥቃል።

እሳቱ ጠፍቶ ተመልሶ ነደደ

ዱቄት ነበልባልን ይቆርጣል እንጂ አያቀዘቅዝም። እንጨትና ጨርቅ ከውስጥ ፍም ይዘው ስለሚቆዩ ከጠፉ በኋላ ውኃ ይፈልጋሉ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኃይሉ ይቋረጥ። የሚነድ ዘይት ላይ ውኃ በፍጹም አይፈስም። ሌላው ምክንያት አረጫጨቱ ነው፦ ነበልባሉን ሳይሆን ሥሩን፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቃችሁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረጋችሁ። ዘይት ላይ ከቅርብ ከተረጨ ግፊቱ ራሱ ዘይቱን ይበትነዋል። ባለ 6 ኪሎው ከ12 እስከ 20 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ ከመጨመቃችሁ በፊት አነጣጥሩ፣ መውጫው በርም ከኋላችሁ ይሁን።

ከጠፋ በኋላ ዕቃው ዛገ

ለእንጨት፣ ለነዳጅና ለኤሌክትሪክ እሳት በአንድነት የሚያገለግለው ዱቄት በአብዛኛው ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው አሲድነት አለውና ብረትና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይበላል። ሳይረጥብ፣ በዚያው ቀን፣ በብሩሽና በመምጠጫ ማሽን አንሱት። በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወለው ደረቁ ዱቄት ከተነሳ በኋላ ብቻ ነው።