ውሃ አልመጥ ላለ የሻወር ጋዋን

የፎጣ ጨርቅ ጋዋኔ ውሃ መምጠጥ አቆመ። ከሻወር ወጥቼ ስለብሰው ጠብታው ላዩ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። ሳሙና ጨምሬ አጠብኩት፤ ባሰበት። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ከማድረቅና ከማሻከር ውጪ ምንም አልፈየደም።

ለካ ጉዱ ያለው የልብስ ማለስለሻው ላይ ነው። ክሮቹን በስስ ቅባት ይለብጣል፤ ጥጡ ውሃውን አያገኘውም። የሳሙና ቅሪትም ይደረብበታል።

የሠራልኝ ይኸው፦ ጋዋኑን ብቻውን ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ያለ ሳሙና፣ ያለ ማለስለሻ፣ በ60 ዲግሪ፣ አንድ ኩባያ ነጭ አቼቶ ጨምሬ አጠብኩት። ከዚያ በውሃ ብቻ ደገምኩት። እርጥብ እንዳለ ደህና አድርጌ አራገፍኩት፤ የተኙት የክር ቀለበቶች ቀና አሉ። አሁን ጠብታው ገና ሲነካው ስምጥ ይላል።

አቼቶና በረኪና ግን በፍጹም እንዳይገናኙ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የሐር ጋዋን ደግሞ 60 ዲግሪ አይችልም።