ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ አፑ ግን መልሶ ሎግኢን ገጽ ላይ ይጥለኛል፦ ችግርና መፍትሄ

ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው) እና ኤክስፕረስ (በሱ ላይ የሚሰራ የዌብ ፍሬምወርክ) ላይ በሴሽን፣ ማለትም ሰርቨሩ ማን እንደገባ በሚያስታውስበት መዝገብ፣ ሎግኢን ስትሰሩ፣ ፓስፖርት የሚባለውን የሎግኢን ላይብረሪ ጨመራችሁም አልጨመራችሁም፣ ላፕቶፕ ላይ እያለ ሁሉም ነገር ሰላም ነው፣ ሰርቨር ላይ ስትጭኑት ነው ጉድ የሚፈላው። እኔ ካጋጠሙኝ የሎግኢን ችግሮች አብዛኞቹ ከፓስወርድ ጋር ምንም አይገናኙም፣ የኩኪ፣ ማለትም ሴሽኑን ለመለየት ብሮውዘሩ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ዳታ፣ ጣጣ ናቸው። ስለዚህ ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት ብሮውዘር ላይ ኤፍ 12 ተጫኑና ኔትወርክ የሚለውን ከፍታችሁ ሶስት ነገር እዩ፦ ሎግኢን ስታደርጉ ከሰርቨሩ በሚመጣው መልስ ላይ ሴት ኩኪ የሚል ሄደር አለ ወይ? ካለ ብሮውዘሩ አስቀመጠው ወይ? ካስቀመጠው ቀጥሎ በሚላከው ሪኩዌስት ላይ መልሶ ይዞት ሄደ ወይ? የቱ ጋ እንደተቆረጠ ካወቃችሁ ከዛ በኋላ ያለው ቀላል ነው።

ምልክት 1፦ ላፕቶፕ ላይ ይሰራል፣ ሰርቨር ላይ ሎግኢን አድርጎ መልሶ ሎግኢን ገጽ ያመጣል፣ ሎግ ላይ ምንም ኤረር የለም

ይሄ እኔን ሁለት ቀን በልቶኛል። ፓስወርዱን ቼክ የሚያደርገው ኮድ ላይ ኮንሶል ሎግ ደርድሬ ደርድሬ ሁሉም "ትክክል" እያለኝ ዩዘሩ ግን አይገባም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሴሽን ኩኪውን ሴኪዩር ትሩ አድርጌዋለሁ፣ ማለትም በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ይላክ ብያለሁ፣ ጥሩም አድርጌያለሁ፣ ግን ከፊት ኤንጂንኤክስ የሚባል ፕሮክሲ (አስተላላፊ ሰርቨር) አለ፣ ኤችቲቲፒኤሱን እሱ ይቀበልና ወደ ኖድ የሚያስተላልፈው በተራ ኤችቲቲፒ ነው፣ ኤክስፕረስ ደግሞ "ይሄ ኮኔክሽን ሴኪዩር አይደለም" ብሎ ኩኪውን ጭራሽ አይልከውም፣ ኤረርም አይልም፣ ዝም። ከላይ ካልኳችሁ ሶስት ጥያቄ የመጀመሪያው ላይ ነው የቆመው፣ ሴት ኩኪ የሚባል ነገር የለም።

መፍትሄው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ ኤክስፕረስ ላይ ትረስት ፕሮክሲ የሚለውን ሴቲንግ 1 አድርጉት፣ ከፊቴ ያለውን አንድ ፕሮክሲ እመነው ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ትሩ አታድርጉት፣ እንደዛ ከሆነ ማንም ሰው የውሸት አይፒ በሄደር ልኮ ሊያታልላችሁ ይችላል። ሁለተኛ ኤንጂንኤክስ ኮንፊግ ላይ ኤክስ ፎርዋርድድ ፕሮቶ የሚለው፣ ዩዘሩ የመጣው በኤችቲቲፒኤስ መሆኑን ለኖድ የሚናገረው ሄደር መተላለፉን አረጋግጡ፣ አንዱን ብቻ ብታስተካክሉ አይሰራም። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም እምቢ ካለና ከሰርቨሩ ፊት ክላውድፍሌር የሚባለው ሰርቪስ ካለ፣ ኤስኤስኤል ሴቲንጉ ፍሌክሲብል ላይ እንዳይሆን እዩ፣ ፍሌክሲብል ከሆነ እስከ እናንተ ሰርቨር የሚመጣው በኤችቲቲፒ ስለሆነ ኤንጂንኤክስም ራሱ ተሸውዶ ነው ኤችቲቲፒ ነው የሚለው። ሰርቨሩ ላይ ሰርተፊኬት አስገቡና ፉል ስትሪክት አድርጉት። ሴኪዩሩን ፎልስ አድርጎ መገላገልም አለ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው እሱን ነው፣ ግን ኩኪው በግልጽ ኔትወርክ ላይ እንዲሄድ መፍቀድ ነውና ተዉት።

ምልክት 2፦ አንዴ ይገባል አንዴ አይገባም፣ ወይም ሰርቨሩ ሪስታርት ባለ ቁጥር ሁሉም ሰው ሎግአውት ይሆናል

ሴሽኑ የተቀመጠው ሜሞሪ ውስጥ ነው። ኤክስፕረስ ሴሽን ሌላ ቦታ ካልሰጣችሁት ራም ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ፕሮዳክሽን ላይ ሲነሳ ራሱ ዋርኒንግ ያወጣል ግን ማን ያነበዋል። ፕሮሰሱ ሲሞት ሴሽኑም አብሮ ይሞታል። ፒኤም 2 (የኖድ ፕሮሰሶችን የሚያስነሳው መሳሪያ) ላይ ክላስተር አድርጋችሁ አራት ፕሮሰስ ካስነሳችሁ ደግሞ አንዱ ጋ የገባ ሰው ሌላው ጋ ሲደርስ አይታወቅም፣ ለዛ ነው እንደ ሎተሪ አንዴ የሚደርሰው አንዴ የማይደርሰው። ሬዲስ (ፈጣን የዳታ ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጡት፣ ሬዲስ ለመጨመር ካልፈለጋችሁ ያላችሁ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ቴብል ይበቃል። ሴሽን ሲክሬቱንም (ኩኪው የሚፈረምበትን ቁልፍ) አፑ በተነሳ ቁጥር በራንደም የምታመነጩ ከሆነ ውጤቱ ያው ነው፣ አንዴ አመንጭታችሁ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጡት።

ምልክት 3፦ ፍሮንት ኤንዱ ሌላ አድራሻ ላይ ነው፣ ኩኪው ይመጣል ግን መልሶ አይሄድም

ፌች (ከብሮውዘሩ ሪኩዌስት የሚልከው) ላይ ክሬደንሻልስ ኢንክሉድ በሉ፣ ኮርስ (CORS፣ ሰርቨሩ የትኛው አድራሻ እንዲያናግረው የሚፈቅድበት ሴቲንግ) ላይ ኮከብ (ሁሉም ይግባ ማለት ነው) አይሰራም፣ የፍሮንት ኤንዱን አድራሻ በስሙ ጻፉና ክሬደንሻልስ ፍቀዱ። ዶሜይኖቹ ጭራሽ የተለያዩ ከሆኑ የኩኪው ሴም ሳይት "ነን" (None፣ ከሌላ ሳይትም ይላክ ማለት ነው) ሆኖ ሴኪዩር መሆን አለበት፣ ክሮም ከ2020 ጀምሮ ምንም ያልተባለውን ኩኪ እንደ ላክስ (Lax፣ ከሌላ ሳይት በሚመጣ ፌች ላይ የማይላክ) ነው የሚቆጥረው። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ አንዱን በሎካልሆስት ሌላውን በ127.0.0.1 አትክፈቱ፣ ለብሮውዘሩ ሁለት የተለያየ ቦታ ናቸው።

ምልክት 4፦ ማንኛውም ፓስወርድ ያስገባል

ይሄኛው የሚያስፈራው ማንም ተጠቃሚ መጥቶ ስለማይነግራችሁ ነው፣ ሁሉም እየገባ ምን ብሎ ያማርራል! ቢክሪፕት (ፓስወርድን ሃሽ፣ ማለትም ተመልሶ የማይነበብ ጽሁፍ፣ የሚያደርገው ላይብረሪ) ኮምፔር ፊት አወይት ረስታችኋል። ያለ አወይት የሚመልሰው ፕሮሚስ፣ ማለትም ገና ያልደረሰ መልስ፣ ነው፣ ፕሮሚስ ደግሞ ኢፍ ውስጥ ሲገባ ሁሌም እውነት ነው፣ በቃ በሩ ክፍት ነው። አወይት ጨምሩ፣ ከዛ ሎግኢን በሰራችሁ ቁጥር መጀመሪያ በተሳሳተ ፓስወርድ ሞክሩ፣ በትክክለኛው ብቻ እየሞከሩ "ሰርቷል" ማለት አይቻልም።

ምልክት 5፦ ተጠቃሚው "ያስገባሁት ትክክል ነው" ይላል፣ ሲስተሙ ግን አይቀበልም

መጀመሪያ ዳታቤዙን እዩ፣ የቢክሪፕት ሃሽ 60 ካራክተር ነው፣ ኮለሙን 50 አድርጋችሁት ከሆነ የድሮ ማይኤስኪውኤል ዝም ብሎ ቆርጦ ያስቀምጠዋል። ፕሮፋይሉን ካስተካከለ በኋላ መግባት ያቃተው ከሆነ ደግሞ ሃሹ እንደገና ሃሽ ተደርጓል፣ መንጉስ (የሞንጎዲቢ ላይብረሪ) ላይ ፕሪ ሴቭ፣ ማለትም ዳታው ከመቀመጡ በፊት የሚሮጠው ኮድ፣ ውስጥ ፓስወርዱ መቀየሩን ሳታዩ ሃሽ ስታደርጉ የሚመጣ ነው።

ከዛ የኛ አገር ጉዳይ አለ። በስልክ ቁጥር የምታስገቡ ከሆነ አንዱ በ09 ይመዘገብና በ+251 ሊገባ ይሞክራል፣ ሌላው 251 ብሎ ፕላሱን ይተወዋል፣ የሳፋሪኮሙ ደግሞ በ07 ነው። ሲመዘገብም ሲገባም ክፍተትና ሰረዙን አጥፍታችሁ ወደ አንድ ቅርጽ፣ +251 እና ዘጠኝ ዲጂት፣ ቀይሩት። በአማርኛ ዩዘርኔም የምትፈቅዱ ከሆነ ኃይሉ ብሎ ተመዝግቦ ሀይሉ ብሎ የሚመጣ ሰው አለ፣ ለኛ አንድ ነው ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው፣ ከዛ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የቀየረ ሌላ ኮለም ያዙና ፍለጋውን በሱ አድርጉ፣ የሚታየው ስም ግን ሰውየው እንደጻፈው ይቆይ። ፓስወርድ በአማርኛ ፊደል የሚጽፍ ሰው ላይም ይሄው ይደርሳል፣ እዛ ላይ የጻፈውን የሚያሳየውን የአይን ምልክት ጨምሩለት። ቢክሪፕት ደግሞ የሚያየው የመጀመሪያውን 72 ባይት ብቻ ነው፣ የኛ ፊደል አንዱ 3 ባይት ስለሆነ ከ24 ፊደል በኋላ የጻፈው ሁሉ እንዳልተጻፈ ነው።

ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ

"ቱ ሜኒ ሪዳይሬክትስ" ካለ ሎግኢን ገጹን ራሱን ሎግኢን ያላደረገ አይገባም ብላችሁ ቆልፋችሁታል። ፓስፖርት "ሚሲንግ ክሬደንሻልስ" ካለ ፎርሙ ኢሜይል እየላከ እሱ ዩዘርኔም እየጠበቀ ነው፣ ዩዘርኔም ፊልዱን ንገሩት፣ ወይ ደግሞ ቦዲውን የሚያነበውን ዩአርኤል ኢንኮድድ ረስታችኋል። ከፓስፖርት 0.6 ጀምሮ ሎግአውት ኮልባክ ይፈልጋል፣ የድሮ ቱቶሪያል ኮፒ ያደረገ ሁሉ እዚህ ጋ ይወድቃል። ያው ቨርዥን ሰው ሲገባ ሴሽኑን በአዲስ ይተካዋል፣ ለሴኪዩሪቲ ጥሩ ነው፣ ግን ከመግባቱ በፊት ሴሽን ውስጥ ያስቀመጣችሁት የእቃ ቅርጫት ምናምን ይጠፋል፣ ኪፕ ሴሽን ኢንፎ ትሩ አድርጉ።

ሎግአውት አድርጎ ባክ ሲጫን የድሮው ገጽ ከታየ ሴሽኑ ሞቷል፣ ብሮውዘሩ ነው ያስቀመጠውን የሚያሳየው። የተቆለፉ ገጾች ላይ ካሽ ኮንትሮል ኖ ስቶር ላኩ። የራሱ ስልክ ላይ ለሚጠቀም ብዙም አይደለም፣ ኢንተርኔት ካፌ ላይ ግን ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ባክ ብሎ ሁሉንም ያነበዋል።