ምግብ አልበላ ያለ በቀቀንን መርዳት የሚቻለው እንዴት ነው?

በቀቀን ሕመሙን የሚደብቅ ወፍ ነው። በዱር ሳለ ደክሞ የታየ ወፍ የአዳኝ ሲሳይ ስለሚሆን፣ ቤት ውስጥ ያደገውም ቢሆን አቅሙ እስኪከዳው ድረስ ጤነኛ መስሎ ይቆያል፤ በመሆኑም ምግብ መተዉን ባስተዋሉበት ዕለት ሕመሙ ውሎ ያደረ ሊሆን ይችላል። ከ30 እስከ 40 ግራም ብቻ የሚመዝኑት ትንንሽ ዝርያዎች በሰውነታቸው ያጠራቀሙት ስንቅ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ሙሉ ቀን ሳይበሉ መዋላቸው ብቻውን ለሕይወታቸው ያሰጋል።

በመጀመሪያ፣ በእርግጥ አለመብላቱን ያረጋግጡ። ጥሬ የሚመገብ በቀቀን ፍሬውን በምንቃሩ ፈልፍሎ ገለፈቱን መልሶ ሳህኑ ውስጥ ስለሚጥለው፣ ሞልቶ የሚታይ ሳህን ባዶ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ ወፌ ምግብ ጠላ ብዬ ተጨንቄ ሳህኑን አንስቼ እፍ ብለው፣ ገለፈቱ ተበትኖ ከሥሩ አንዲት ፍሬ እንኳ አላገኘሁም፤ ወፉ የተራበ እንጂ የታመመ አልነበረም፣ እስከ ዛሬም ሳስበው ይጸጽተኛል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ የታመመ ወፍ ፍሬውን እየሰባበረ ሳይውጠው ስለሚጥለው ሲበላ የዋለ ይመስላል። ስለዚህ ጠዋት ምግቡን መዝነው ይስጡት፤ ማታ ደግሞ ገለፈቱን እፍ ብለው ካስወገዱ በኋላ የተረፈውን ይመዝኑ።

ከሁሉ ይልቅ አስተማማኙ ምስክር ግን የወፉ የራሱ ክብደት ነው። ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን አዘጋጅተው በየጠዋቱ ምግብ ሳይቀምስ ይመዝኑት፤ 400 ግራም የነበረ ወፍ 40 ግራም ከቀነሰ የክብደቱን አንድ አሥረኛ አጥቷልና ሐኪም ሊያየው ይገባል። ክሳቱን ላባው ስለሚሸፍነው በዓይን ብቻ አይታመኑ። ጣትዎን በላባው መካከል አስገብተው የደረቱን አጥንት በቀስታ ሲዳስሱ በግራና በቀኙ ሥጋ ሊሰማዎት ይገባል፤ አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት ሹል ሆኖ ካገኙት ወፉ መክሳት ከጀመረ ቆይቷል።

ቀጥሎም በሚያድርበት የሽቦ ቤት ወለል ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፈው ኩሱን ይመልከቱ። በጤነኛ በቀቀን ኩስ ውስጥ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ዓይነ ምድር፣ ነጭ የሽንት ዝቃጭ እና ጥርት ያለ ውኃ ይታያሉ። ወፉ ካልበላ ኩሱ ያንሳል፣ ይጠቁራልም። ነጩ ክፍል ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ ጉበቱ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ከሚዳርጉት በሽታዎች አንዱ የሆነው ሲታኮሲስ ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ፣ ደረቅ ኩስ በውኃ ሳያርሱ አይጥረጉ፣ እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ።

ወፉ ላባውን ነፍቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ፣ በተነፈሰ ቁጥር ጅራቱ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ኩሱ ላይ ደም ከታየ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር በመሞከር ጊዜ ሳያባክኑ ወፍ ወደሚያክም ሐኪም ይውሰዱት።

ይህን ያህል ካልተዳከመ አስቀድሞ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም የታመመ ወፍ የቀረችውን ጥቂት ጉልበት ሰውነቱን ለማሞቅ ያውላታል። የሚያርፍበትን ስፍራ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሙቁለት፤ ማሞቂያውን ግን በአንድ ጎን ብቻ ያድርጉት፣ ሲበዛበት ፈቀቅ እንዲል። ክንፉን ከሰውነቱ አርቆ አፉን ከፍቶ ቢያለከልክ ሙቀቱ በዝቶበታል ማለት ነው።

ከሞቀው በኋላ ምግብ ያቅርቡለት። በቀቀን ከመንጋው ጋር አብሮ የሚበላ ወፍ ነው፤ ስለዚህ ከፊቱ ተቀምጠው ለእርሱም የሚሆነውን ምግብ ቀስ ብለው እየበሉ ቁራሹን በጣትዎ ቢዘረጉለት፣ ሳህኑን ዘወር ብሎ ያላየው ወፍ አንገቱን አስግጎ ሊቀበልዎት ይችላል። ለብ ያለና ለስላሳ ምግብ ይመረጣል፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሩዝ፣ ስኳር ድንች ወይም በቆሎ፣ ሁሉም ጨው ያልነካው። ምግቡንም ውኃውንም ከሚቆምበት እንጨት አጠገብ ያድርጉለት። በቅርቡ ምግብ ቀይረውበት ከሆነ ያለ ማመንታት ወደ ቀድሞው ይመልሱት፤ አዲስ ምግብ ማስለመድ የጤነኛ ጊዜ ሥራ ነው። አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡና እና አልኮል ለወፍ መርዝ ስለሆኑ በፍጹም አይስጡት።

አፉን በግድ ከፍተው በስሪንጅ ለመመገብ እንዳይሞክሩ አደራ እላለሁ። የመተንፈሻው ቀዳዳ ከምላሱ ሥር ስለሚገኝ ፈሳሹ በቀላሉ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ትኩስ የሆነ ምግብ ደግሞ ከአንገቱ ሥር ያለውን የምግብ ማጠራቀሚያ ከረጢት ያቃጥላል። ይህ ሐኪም በእጅ አሳይቶ የሚያስተምረው ሥራ ነው። የሰው መድኃኒትም አይስጡት።

ወፉን እየተንከባከቡ መንስኤውንም ይፈልጉ። ቤቱ ቦታ ተቀይሮ፣ አዲስ እንስሳ መጥቶ ወይም ጓደኛው ሞቶበት ሊሆን ይችላል። ዚንክ ወይም እርሳስ ያለበት ብረት አኝኮ እንደሆነ፣ ምንቃሩና የአፉ ውስጥ ቆስሎ እንደሆነ ይመርምሩ። ከልክ በላይ ከጋለ የቴፍሎን መጥበሻ የሚወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ነገር ከተጠራጠሩ ወፉን ወዲያው ንጹሕ አየር ወዳለበት ስፍራ አውጥተው ለሐኪም ይደውሉ።

በአንድ ቀን ውስጥ መብላት ካልጀመረ፣ ትንንሹን ዝርያ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብለው፣ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። አየር የሚያስገባ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ፎጣ አንጥፈው ያስቀምጡትና ብርሃኑን በጨርቅ ቀነስ ያድርጉለት። የዕለቱ ኩስ ያለበትን ወረቀት፣ የመዘገቡትን ክብደት እና ሲበላ የቆየውን ምግብ ናሙና አብረው ይያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ስለ እነዚህ ነው።