በልጆችና በታዳጊዎች የጭንቀትና የድብርት ልየታ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በቦሌ አራብሳ የሚሠራ ነርስ ወይም የትምህርት ቤት አማካሪ ለልየታ፣ ማለትም ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገውን ልጅ በአጭር መጠይቅ ለመለየት፣ የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። መጠይቁ ራሱ ከባድ አይደለም። ልጆች ሳይታወቁ የሚያልፉት በአብዛኛው በአጠያየቁ ምክንያት ነው።

ወላጅ ፊት መጠየቅ

እናቷ አጠገብ የተቀመጠች የ14 ዓመት ልጅ «ደህና ነኝ» ትላለች፤ እናትም «ምን ጎድሎባት!» ብላ ታጸናዋለች። ቅጹ ላይ ዜሮ ይሞላል። መጀመሪያ ሁለቱን አንድ ላይ ተቀብለው ዓላማውን ያስረዱ፤ ቀጥሎ «ልጆችን ሁሉ ለብቻቸው ነው የምናነጋግረው» ብለው እናትን በአክብሮት ውጭ እንዲጠብቁ ይጠይቁ። በመጋረጃ ብቻ የተከፈለ ክፍል ለብቻ አይባልም። ሦስት ተማሪ በሚጋራው ዴስክ ላይ ቅጽ ማደልም ያው ነው። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከሆነች ደግሞ ይዛት የመጣችው አሠሪዋ ልትሆን ስለምትችል የበለጠ ይጠንቀቁ።

የወላጅን ሐሳብም ለብቻው ይውሰዱ። ሁለቱ ካልተስማሙ ማን ዋሸ ብለው አይፍረዱ፤ ወላጅ የሚያየው ጠባዩን ነው፣ የውስጡን የሚያውቀው ልጁ ነው።

«ለማንም አልናገርም» ማለት

የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ወይም ጥቃት እየደረሰበት ከሆነ መናገርዎ አይቀርም። ይህን ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ይንገሩት።

የአዋቂ ቅጽ ለሁሉም መስጠት

ከ11 እስከ 17 ዓመት ላሉት ለድብርት የሚሆነው ፒኤችኪው-ኤ (PHQ-A) የተባለው የታዳጊዎች መጠይቅ ነው። ስለ ሐዘን የሚጠይቀው ጥያቄ ውስጥ ብስጭትም ተካቷል፤ የታዳጊ ድብርት በእንባ ፋንታ በቁጣ ሊወጣ ይችላልና። ለጭንቀት ስኬርድ (SCARED) የተባለው መጠይቅ ከ8 እስከ 18 ዓመት ያገለግላል፤ 41 ጥያቄዎች፣ የልጅና የወላጅ ቅጽ አለው፤ 25 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ልጅ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቅጹን እያነበቡ በቃል መተርጎም ግን አደገኛ ነው፤ አንዱ ነርስ የጠየቀውና ሌላው የጠየቀው አንድ አይሆንም። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የተገመገመ ትርጉም ይያዙ።

«አንዳንዴ» የሚለውን እንዳለ መመዝገብ

ፒኤችኪው-ኤ የሚጠይቀው ስላለፉት 2 ሳምንታት ነው፦ በፍጹም 0፣ ጥቂት ቀናት 1፣ ከግማሽ በላይ ቀናት 2፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል 3። ልጆች «አንዳንዴ» ሲሉ «ከባለፈው እሑድ በፊት ከነበረው እሑድ ወዲህ ስንት ቀን?» ብለው ያስቆጥሩ።

የእንቅልፍና የምግብ ጥያቄ በተለይ ይታይ። ትራንስፖርት ለመያዝ ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳ ተማሪ እንቅልፍ አጥቷል፤ እንደተኛ እንቅልፍ የሚወስደው ከሆነ ግን ይህ የድብርት ምልክት አይደለም። «ተኝተህ እንቅልፍ እምቢ ይልሃል?» ይበሉት። በጾም ወቅትም አለመብላትንና የምግብ ፍላጎት ማጣትን ይለዩ፤ ሲፈታ ምግቡ ያስጎመጀው እንደሆነ ይጠይቁ።

የሆድና የራስ ሕመምን ለብቻው ማከም

የትምህርት ቀን ጠዋት የሚቆርጥ፣ ቅዳሜ የሚጠፋ የሆድ ሕመም ለልየታ በቂ ምክንያት ነው። የአሜባ መድኃኒት ደጋግሞ የወሰደ ልጅ ካርድ ሲያዩ ስለ ጭንቀት ይጠይቁ። አስተማሪዎች «ጨዋ» የሚሏትን፣ እጇን የማታወጣውን ዝምተኛ ተማሪም አይርሱ፤ ረባሹን ለመላክ ሁሉም ይፈጥናል፣ እሷን የሚልክ የለም።

ድምሩን ብቻ ማየት

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። ድምሩ 6 ሆኖ ስለ ሞት ወይም ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው 9ኛው ጥያቄ ላይ 1 ያለ ልጅ «ዝቅተኛ» ተብሎ ወደ ቤቱ አይሸኝም። ከዜሮ በላይ የሆነ ማንኛውም መልስ በዚያው ቀን፣ ልጁ ከክፍሉ ሳይወጣ ይጣራል፦ ሐሳቡ አሁንም አለ? እንዴት አደርገዋለሁ ብሎ አስቧል? ከዚህ በፊት ሞክሯል? ብዙ ባለሙያዎች መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣል ብለው ጥያቄውን ይዘሉታል፤ ነገር ግን በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። አደጋ ካለ ልጁ ብቻውን አይተው፤ ወላጅ ይጠራ፣ ቤት ያለ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ይቆለፍበት፣ ወደ ሆስፒታልም አብሮ የሚሄድ ሰው ይኑር።

ውጤቱን የምርመራ ድምዳሜ ማድረግ

በፒኤችኪው-ኤ 10 እና ከዚያ በላይ ማግኘት «ድብርት አለበት» ማለት አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ማነጋገርን፣ የደም ማነስን፣ የቤት ውስጥ ጥቃትንና የቅርብ ሐዘንን ማጣራትን ይጠይቃል። በቅጽ ብቻ መድኃኒት አይጀመርም።

ልጁ የሚላክበት ቦታ ሳይዘጋጅ መጀመር

ከዳር ሰፈር አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ መሄድ የአንድ ቀን ሥራና የትራንስፖርት ወጪ ስለሆነ «አማኑኤል ሂዱ» የሚል ወረቀት ብቻውን ብዙ ጊዜ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ልየታው ከመጀመሩ በፊት በጤና ጣቢያው ስለ አእምሮ ጤና የሠለጠነው ሰው ማን እንደሆነና በየትኞቹ ቀናት እንደሚገኝ ይወቁ። የቀጠሮውን ቀን፣ የወላጅን ስልክና ልጁ ካልመጣ የሚደውለውን ባለሙያ ስም በላኪ ቅጹ ላይ ይጻፉ።