ለጠጅ የሚሆን ጋን ስትገዙ

ገበያ ላይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የሚያብረቀርቀው፣ ቀለም የተቀባው ነው። ለሳሎን ጌጥ ከሆነ ግዙት፤ ጠጅ ልትጥሉበት ከሆነ ግን እለፉት። ጠጅ አሲድ አለው። ማብረቅረቂያው ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ካለ፣ አሲዱ ቀስ እያለ ወደ መጠጡ ያወጣዋል። ለምግብ የተሠራ መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የሻጩን «ኧረ ችግር የለውም» አትመኑ። ደግነቱ የእኛ አገር ጋን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ቅብ የለውም። አዲስ አበባ ያላችሁ ቀጨኔ ካሉት ሸክላ ሠሪዎች ብትገዙ ደግሞ እንዴት እንደተሠራ ከራሳቸው ትሰማላችሁ።

መጀመሪያ አንኳኩት። አፉን ይዛችሁ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጉትና ሆዱን በጣታችሁ አንጓ መታ መታ አድርጉት። ደህና ጋን ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የታፈነ ድምፅ ካወጣ፣ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም አንድ ቦታ ተሰንጥቋል ወይም በደንብ አልተቃጠለም። ሻጯ ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ።

ቀጥሎ አፍንጫችሁን አስገቡ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ። ሸክላ የጠጣውን ይዞ ይቀራል፤ ዘይት፣ ቅቤ ወይም ጋዝ የነካው ጋን በግራዋ ቢታጠብ፣ በወይራ ቢታጠን ሽታው አይለቅም። የጠላውንና የጠጁን ጋን የምንለየውም ለዚሁ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት «ካፈሰሰ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማሙ። ቤት ስትደርሱ ውሃ ሙሉትና ይደር። ጠዋት ውጩን ዳብሱት፦ ትንሽ ላብ ካለው ምንም አይደለም፣ ሥሩ ውሃ ካቆረ ግን መልሱት።

አሁን ዋናው ነገር። ጠጁ የሚጣልበት (መጣያው) እና የሚቀመጥበት (ማቆያው) አንድ ዓይነት ጋን መሆን የለባቸውም። ለመጣያ አፉ ሰፋ ያለ ይሻላል፣ ምክንያቱም ማማሰል አለ፣ ጌሾውን ማውጣት አለ፣ እጃችሁ እንደልብ መግባት አለበት። ሲፈላ ደግሞ አረፋው ይነሳል። ስለዚህ 20 ሊትር የሚይዘው ላይ ከ15 ሊትር በላይ አታድርጉ፤ 3 ሊትር ማር በ12 ሊትር ውሃ ብትበጠብጡ ልክ ይመጣል። ክዳኑንም አታጥብቁት፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል።

ለማቆያ ግን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። አፈ ጠባብ፣ ወፈር ያለ፣ እስከ አንገቱ የሚሞላ ጋን ፈልጉ። ባዶ ቦታ ከተዋችሁ አየር ይገባና ጠጁ ወደ አቸቶ ይሄዳል። ትንንሽ ጋን ለዚህ አይመከርም፤ መጠጡ ትንሽ ሆኖ ግድግዳው ሲበዛ አየሩም በዚያው ልክ ይበዛበታል። ጆርጂያዎች ወይናቸውን የሚያፈሉበትና የሚያቆዩበት ክቨቭሪ የሚባል ትልቅ ጋን አላቸው፤ አሠራሩን ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ሸክላውን ሞቅ አድርገው ውስጡን በንብ ሰም ይቀቡታል፣ ከዚያ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ይቀብሩታል። ሰሙ ቀዳዳውን ይቀንሳል፣ አፈሩ ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። ጠጅ ለሚጥል ሰው ሰም ብርቅ ስላልሆነ ይሄ ሊሞከር የሚችል ነገር ነው፤ ብቻ ሰም የተቀባ ጋን አይታጠንም፣ በሙቀቱ ይቀልጣል።

ሥሩ ክብ ከሆነ ማቶት (ጋኑ የሚቀመጥበት ክብ ማስደገፊያ) ወይም ጉድጓድ አዘጋጁለት። ጋን በጠጠር ይደገፋል ቢባልም 40 ኪሎ የሚመዝን ጠጅ በጠጠር ብቻ ባትተማመኑ ጥሩ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ጋን በሻንጣ ማምጣቱ ይቅርባችሁ። ጎመን ለማኮምጠጥ የሚሸጡት ወፍራም የሴራሚክ ማሰሮዎች ከ1200 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት የተቃጠሉ ከሆኑ ፈሳሽ አይመጥጡም፣ ሽታም አይዙም። የክዳኑ ዙሪያ ውሃ የሚይዝ ቦይ ያለውን ምረጡ፦ ጋዙ ቡልቅ ብሎ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። ውሃው ስለሚተን በየሁለት ሦስት ቀኑ እያያችሁ ጨምሩበት።