ስስ ኮምፔንሳቶ በሌዘር ሲቆረጥ እንዳይቃጠል ያደረግኩት
ለሕንፃ ሞዴል የመስኮት ፍሬሞችን ከ1.5 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በሌዘር ስቆርጥ ጠርዛቸው ይከስል ነበር። ቀጫጭኖቹ ዘንጎችማ ገና ሲነኩ ስብር ይላሉ።

ጣጣው ሙቀቱ ነው። ሌዘሩ በዝግታ ሲሄድ ሙቀቱ ወደ ጎን ይሰራጫል። ስለዚህ ኃይሉን ቀንሼ ፍጥነቱን ጨመርኩና ሁለቴ አስኬድኩት። አየር መንፊያውንም ከፈትኩ። ላዩ ላይ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ፤ ጭሱ እንጨቱን ትቶ ወረቀቱን አጠቆረ።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ የውስጥ ቀዳዳዎች፣ በመጨረሻ የውጭው ዙሪያ። ውጭው ከቀደመ ፍሬሙ ይንሸራተትና ልኩ ይበላሻል። ረጃጅሞቹን ዘንጎች ደግሞ በኮምፔንሳቶው የላይኛው ንጣፍ የእንጨት ጭረት አቅጣጫ አዞርኳቸው። አሁን ፕላስተሩን በቀስታ ሳነሳው ንጹሕ እንጨት ይወጣል፤ ዘንጎቹም ይጠነክራሉ።

አደራ፣ ፒቪሲ (የፕላስቲክ ዓይነት) ያለበትን ዕቃ ግን ሌዘር ውስጥ አታስገቡ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባንም ማሽኑንም ይበላል።